የእትዬ ሮማን ድሪቶና የብረት መኪናዋ

የሰው አሮጌ ልብስ ያቅለሸልሸኛል። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ "ዋጋዬ ምቀኛ ናት" እንዳትሉኝ። ብብቱ የወየበ ሸሚዝ፣ ቅቤ የጠጣ ነጠላ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ፀጉር የተጣበቀበት ሹራብ ሳይ ምሳዬ ወደ ጉሮሮዬ ይመለሳል። እግዜር ሊስቅብኝ ሲፈልግ ደግሞ ከሰው ሁሉ መርጦ እትዬ ሮማነወርቅን ጎረቤት አደረገልኝ። ኦስሎ ውስጥ፣ ትቬይታ የሚባል ሰፈር ነው ቤታችን፤ እኔ አምስተኛ ፎቅ፣ እሷ ስድስተኛ።

እሷ ቤት ስትገቡ መቀመጫ አታገኙም። ሶፋው ላይ ጨርቅ፣ ወንበሩ ላይ ጨርቅ፣ ፍሪጁ ላይ ጨርቅ። ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲወፍር፣ ሰው ሲፋታ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ እሷ በር ላይ ያስቀምጣል። እሷም "ተባረኩ" ብላ ታስገባለች። ከዚያ በመቀስ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርጋ ትቆርጠዋለች፣ መልሳ ትገጣጥመዋለች፣ መሀሉ ላይ የሚሞቅ ነገር ትከትበታለች፣ ሦስቱን ደርባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትተመትመዋለች።

"እትዬ ሮማን፣ ይኼ እኮ ድሪቶ ነው" አልኳት አንድ ቀን።

"ታዲያስ?"

"ድሪቶ ለብሰን ማደጋችንን ለመርሳት እኮ ነው እዚህ ድረስ የመጣነው!"

"አንቺ ለመርሳት ነው የመጣሽው። እኔ አባረውኝ ነው የመጣሁት" አለችኝ፣ የክሩን ጫፍ ምላሷ ላይ አድርጋ እያራሰች።

ይቺን ክር በምላስ የማራስ ነገር ያዙልኝ። በኋላ እንመለስባታለን፤ እኔን አሁንም ይዘገንነኛል።

ሮማን የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። አባቷ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የወታደር ሱሪ የሚጠጋግኑ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በካርቱም በኩል ኦስሎ ስትገባ ከእጇ ሙያ በቀር የያዘችው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ሮመን የሚባል ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከባሏ ከጋሽ ሳህሉና ከሕፃኗ ከሶልያና ጋር ኖረች። ኮሙኑም፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ የአሮጊቶች ቤት እንድታጸዳ ቀጠራት። አንዷ አሮጊት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ያንን ሳሙና የመሰለ ቡናማ አይብ በግድ ታጎርሳት ነበር። ይኼን የጨርቅ መገጣጠም ያስተማረቻትም እሷ ናት። አሮጊቷ ስትሞት ልጆቿ "የፈለግሽውን ውሰጂ" አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን የብር ማንኪያ ያነሳል። ሮማን የስፌት መኪናውን አነሳች! ሙሉ ብረት፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥጃ የሚያህል። በባቡር ስናመጣው አንዱን ጎን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ወገቤ ከዚያ ቀን ወዲህ የኔ አይደለም።

ስትሰፋ ታች እኔ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ብርጭቆዎቼ ይንጫጫሉ። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ለምጄዋለሁ። ለዚህ ነው ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብርጭቆዎቼ በድንገት ዝም ሲሉ "ሞተች" ብዬ በነጠላ ጫማ ደረጃውን የሮጥኩት።

አልሞተችም። መኪናው ፊት ቁጭ ብላ መዘውሩን በሁለት እጇ ትታገላለች። ንቅንቅ አይልም።

"ዋጋዬ፣ ጉድ ሆንኩልሽ። አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።"

ለምን አሥራ ሁለት? ሶልያና ወንድ ልጅ ወልዳለች፤ ኖኤል ብላዋለች። ወንድ ነውና በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። ሮማን ደግሞ ልጁ ተጠምቆ ሲወጣ በሷ ድሪቶ ልትጠቀልለው ተስላለች። ላዩ የእናቷ ቀሚስ ጥለት ነው፤ ከሱ ጎን ሶልያና ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ስትውል የለበሰቻት ቢጫ ቀሚስ። መሀሉ ላይ የገባው ግን የጋሽ ሳህሉ ጋቢ ነው። ጋሽ ሳህሉ ካለፉ ሁለት ዓመታቸው። የልጅ ልጃቸውን አላዩም። "እሱ ባይደርስ ጋቢው ያቅፈዋል" ትላለች። የሞተ ሰው ጋቢ የሚዘገንነኝ እኔ እንኳ እዚህ ላይ አፌን ዘጋሁ።

አፌን ስዘጋ አፍንጫዬ ሥራ ጀመረ። አንድ ነገር ይሸታል። ቆሻሻ መጣያውን ከፈትኩ፣ ባዶ ነው። ድመት የላትም። የቆየ፣ የከረረ፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ የሚለጠፍ ሽታ።

"ሽታው ከዚሁ ከመኪናው ነው" የሚል ድምፅ ከሶፋው መጣ።

ዓለምጸሐይ ናት። ሦስት ጨርቅ ገፋ አድርጋ በአንድ ጎኗ ተቀምጣለች። ዓለምጸሐይን ካላወቃችኋት ዕድለኞች ናችሁ። አምና አዲስ የስፌት መኪና ገዝታ እስከ ዛሬ ያወጣችው ነገር ቢኖር ፎቶውን ነው። እስቲ ላስመስልላችሁ፤ ከንፈር ሞጥሞጥ፣ ዓይን ገርበብ፦

"ሮማንዬ የኔ ቆንጆ፣ ይኼ እኮ ሙዚየም ነው። የኔ ክሩን ራሱ ነው የሚቆርጠው። እስክሪን አለው። ሁለት መቶ ዓይነት ስፌት ያወጣል!"

"ከሁለት መቶው ስንቱን ሰፋሽበት?" አልኳት።

"አንቺ ዝም በይ ዋጋዬ፣ ቁልፍ መትከል የማትችይ ሴትዮ!"

"ቁልፍስ እተክላለሁ። ወሬ መትከል ነው ያቃተኝ።"

ሮማን በጭንቋ መሀል ሳቀች። እኔ "ወሬ አቃተኝ" ስል የትቬይታ ግንብም ይስቃል።

የዓለምጸሐይ ፊት ግን አልተፈታም። "ብሪን ሰፈር የስፌት መኪና ሱቅ አለ፤ አሮጌውን ተቀብለው ቀንሰው አዲስ ይሰጡሻል። ይኼንን ይጥሉልሻል፣ ትገላገያለሽ።"

"ይጥሉታል?" አለች ሮማን፣ መዘውሩን እንደያዘች።

ሶልያናን በስልክ አማከረቻት። ያቺ ልጅ ደግሞ ግማሹን በኖርዌይኛ ነው የምታወራው፦ "ማማ፣ ሴሪዩስት፣ የምሬን ነው፣ አዲሱን ግዢው! ካልሆነም ችግር የለውም፣ ከሱቅ ብርድ ልብስ እንገዛለን። እሱ ቢያንስ ማሽን ውስጥ ይታጠባል።"

ሮማን ስልኩን ስትዘጋው ፊቷን አየሁት። ልጅቷ እኮ ክፉ አላሰበችም። ግን እንደዚያ ይባላል?

ሰኞ ከሥራ ስንወጣ፣ ሁለታችንም ብሪን ነው ቢሮ የምናጸዳው፣ ጠዋት ከቤት ይዘነው የወጣነውን ብረት በጋሪ እየገፋን ሱቁ ገባን። ሻጭዋ ጥርሷ ከመጠን በላይ የነጣ ሴትዮ ናት። ኖርዌዮች "ያ"፣ አዎ ለማለት፣ ሲሉ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ እንደሚስቡት፣ ሰው ያነቃት ይመስል "ሂያ! ሂያ!" ትላለች። አዲሱን መኪና አሳየችን። ነጭ፣ ፕላስቲክ፣ የጥርስ ሐኪም ዕቃ የመሰለ። ሲከፈት እንደ ጫጩት ጮኸ። ግድግዳው ላይ የኖርዌዮች ድሪቶ በመብራት ተሰቅሏል። እኛ አፍረንበት የሸሸነውን እነሱ በሚስማር ይሰቅሉታል!

ሮማን ከቦርሳዋ የተደረበ ጨርቅ አወጣች፤ ከላይና ከታች ቁራጭ፣ መሀሉ ላይ ጋቢ። "በዚህ ልሞክረው" አለች።

መኪናው ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ቆመ። እስክሪኑ ቀላ። ቀጭ! መርፌው ተሰበረ።

"ሂያ፣ ይኼ በጣም ወፍራም ነው" አለች ሻጭዋ። "ይኼን የሚችል ትልቁ አለን" ብላ ዋጋውን ስታሳየን እኔ የሷን ጥርስ መቁጠር ጀመርኩ፣ ላለማየት። "ወይም ደግሞ ቀላል ነው፤ መሀሉ ያለውን አውጪና ይኼን አድርጊበት።" አንድ ጥቅል ዘርግታ አሳየችን። እፍ! የሚያብለጨልጭ፣ የሚንሸራተት፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ፕላስቲክ ጥጥ። ስነካው ጥርሴ ተፋጨ።

"ጋቢውን ላውጣው?" አለችኝ ሮማን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። "አዲሱን ልውሰድና ጋቢውን ላውጣው ዋጋዬ? ለቀኑ ይደርስልኛል።"

እኔ ምን ልበል? እኔ እኮ የሰው አሮጌ ልብስ የሚያቅለሸልሸኝ ነኝ። አፌ ግን ሳልልከው ሄደ። "ጋሽ ሳህሉን አውጥተሽ ልጁን በምን ልታቅፊው ነው? በዚህ ንፍጥ?"

ያኔ ከጀርባ ክፍል መካኒኩ ብቅ አለ። ሽማግሌ ነው፣ ፀጉሩ አናቱን ትቶ ጆሮው ውስጥ የበቀለ። የኛን ብረት ሲያይ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ እንደ ሰው ሰላም ሊለው። ጎኑን በመፍቻ ፈትቶ ከፈተው።

አምላኬ! ሱቁ ሸተተ። ውስጡ ያለው ብረት አይታይም፤ ቡናማ፣ እንደ ማስቲካ የሚጎተት ነገር ለብሷል። እዚያ ላይ የሃያ ዓመት የጨርቅ ብናኝ፣ ክር፣ ፀጉር ተለጥፎ እንደ አይጥ ቆዳ ሆኗል። ሻጭዋ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ያዘች። "ሂያ" ማለትም ተሳናት፣ ወደ ውስጥ መሳብ አይቻላማ! እኔ ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

መካኒኩ በመፍቻው ጫር አድርጎ አሸተተ። "ይኼን በምንድነው የምታለሰልሺው?"

"በዘይት።"

"በምን ዘይት?"

ሮማን መሬት መሬት አየች። "በጾም ዘይት።"

ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ኑግ! ከአገር የመጣ የኑግ ዘይት! "አምና ሁዳዴ ነው የጀመርኩት" አለችኝ፣ መካኒኩ አማርኛ እንዳይሰማ የምትፈራ ይመስል እያንሾካሾከች። "ክሩን በምላሴ አርሰዋለሁ አይደል? ክሩ ደግሞ ዘይት የነካ ነው። የነዚህ ሰዎች ዘይት ከዓሣ ቢሆንስ? ለልጆቻቸው የዓሣ ዘይት በማንኪያ የሚያጠጡ ሰዎች ለመኪና ሌላ ያደርጋሉ? በጾሜ ዓሣ ልላስ?"

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለቀሳውስቱ ልተወው፤ እሷ አትበላም። ይኼው ዓመት ሙሉ መኪናውን እያስጾመች ገደለችው።

መካኒኩ ነገሩን ስናስረዳው ሳቀ፣ እስኪያስለው ሳቀ። የምግብ ዘይት እንደ ቀለም ይደርቃል አለ፤ ኑጉ ነው አንቆ የያዘው እንጂ መኪናው ከኛ ሁሉ በኋላ ነው የሚሞተው። ትንሽ የስፌት መኪና ዘይት ጠርሙስ አነሳ።

"ይኼ ከምንድነው?" ጠየቀችው ሮማን።

"ከነዳጅ።"

"ነዳጁስ ከየት?"

"የኛ? ከባሕር ሥር ነዋ።"

ዞራ አየችኝ። "አላልኩሽም? ከባሕር ነው!"

"ዓሣ የለበትም እትዬ ሮማን!"

"ጠይቂልኝ።"

ጠየቅኩላት። ሽማግሌው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለ፤ ዓሣ የለበትም። ግን እሱ ለማጽዳት የሦስት ሳምንት ወረፋ አለው። እንዴት እንደሚጸዳ አሳየን፣ የሚያሟሟ ፈሳሽና ያንን ዘይት ሰጠን። ሻጭዋ "ታዲያ አዲሱን ላሽገው?" ስትል ሮማን "ናይ"፣ አይሆንም፣ አለች፣ ወደ ውጭ እየተነፈሰች። ብረታችንን ጋሪው ላይ መልሰን ወጣን።

የሷ ቤት ጠረጴዛ በጨርቅ የተያዘ ስለሆነ የት ተጸዳ መሰላችሁ? እኔ ኩሽና! እኔ በምበላበት ጠረጴዛ! ሦስት ቀን ከሥራ መልስ፣ የቆሻሻ ጓንታችንን አድርገን፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ፈለፈልነው። የወጣውን ብነግራችሁ እራታችሁን አትበሉም። አንድ ጥፍር ወጥቷል። የማን? እንጃ። ሮማን ግን ደስ ብሏታል፤ ፀጉር በወጣ ቁጥር ወደ መስኮቱ ትይዘዋለች። "ይቺ ነጭ ናት፣ የአሮጊቷ ናት። ይቺ ጥቅልል የሶልያና ናት። ይኼ… ይኼ የሳህሉ ነው።" ያንን ሶፍት ላይ ለብቻ አስቀመጠችው። እኔ መስኮት ከፈትኩና ብርዱን እንደ መድኃኒት ሳብኩት።

ሐሙስ ማታ ብርጭቆዎቼ ተንጫጩ። ሳላስበው አንዱን ብርጭቆ በእጄ ይዤ ቆምኩ።

በአርባ ቀኑ ኖኤል እየጮኸ ከውሃው ወጣ። ሮማን ያንን ድሪቶ ዘርግታ ተቀበለችው፤ ጥለቱ ከላይ፣ ጋቢው ከውስጥ። ልጁ ዝም አለ። ሶልያና ጫፉን ወደ አፍንጫዋ ወስዳ "የባባ ነው" ብላ አለቀሰች። ዓለምጸሐይ ግን ጎንበስ ብላ ታሸታለች። "ትንሽ ትንሽ… ኑግ ኑግ አይልም?" አለችኝ። አዎ ይላል። "ያንቺ ሽቶ ነው" አልኳት። ልጁም በዚያው ቅጽበት የጠጣውን ወተት እጅጌዋ ላይ መለሰላት። እንደዚያ ቀን የሰው ትውከት አስደስቶኝ አያውቅም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ዝም እል ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ሮማን ቤት ሽሮ ልትሠራልኝ ስትንጎዳጎድ ዘይት ላቀብላት መደርደሪያውን ከፈትኩ። ያ የመኪና ዘይት ከምግብ ዘይቱ ጎን፣ ከበርበሬው ፊት ቆሟል። ላዩ ላይ በራሷ ቁም ጽሕፈት ወረቀት ለጥፋበታለች፦ "የጾም"።

ከዚያ ወዲህ እሷ ቤት ምግብ ቀምሼ አላውቅም።