ፋብሪካዋ የሞተባት መኪና

ጡረታ የወጡት አዋላጅ ሁለት ዓይነት ሰው አይወዱም ነበር፤ «አይሆንም» የሚል ሐኪምና «ይሽጧት» የሚል ዘመድ።

ትሸጥ እየተባለ ስሟ የሚነሳው የሃያ ሰባት ዓመቷ አረንጓዴ የስዊድን መኪናቸው ናት። በእሷ ስንት ምጥ ደርሰዋል! ሁለት ሕፃናት እንዲያውም ሆስፒታል እስኪደርሱ መታገሥ አቅቷቸው የኋላ ወንበሯ ላይ ተወልደዋል። አንድ ቀን ግን የሠራት ፋብሪካ ተዘጋ። አዋላጇ ወሬውን በሬዲዮ ሲሰሙ እሷኑ እየነዱ ነበርና «ውይ፣ ትሰማለች!» ብለው ቶሎ ድምፁን ቀነሱት።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «እሷ እኮ ዓለት ናት፤ ግንብ ብትገጭ የሚጠገነው ግንቡ ነው» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ጥሩ ነበረች፤ ምን ያደርጋል፣ ወላጅ አልባ ሆነች» እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። መካኒኩ ሁለቱንም ያስታርቃል፦ «ሞተሯ ሁላችንንም ይቀብራል። መለዋወጫዋን ግን የምናገኘው በስለት ነው።»

በመጨረሻ ልጃቸው «እማዬ፣ የሆነ ጥግ ጥላሽ ትቀራለች እያልኩ ነፍሴ አለቀች እኮ!» ብላ ስታለቅስ አንጀታቸው አልችል አለና «እሺ፣ ትሸጥ» አሉ። የልጃቸው ባል ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ብሎ በዚያው ሰዓት ፎቶዋን አንስቶ ማስታወቂያ ለጠፈ።

«ገዢውን ግን የማነጋግረው እኔ ነኝ» አሉ አዋላጇ። «ዋሽቼ አልሸጥም። ጉዷን አንድ በአንድ ነው የምነግረው።»

ቅዳሜ ጠዋት፣ ዝናቡ አባርቶ ግቢው ገና ሳይደርቅ፣ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ መጡ። ሥራቸው ሶፋ መሥራት ነው፤ ጣቶቻቸው ላይ የሙጫ ምልክት አለ።

«እንግዲህ አልደብቅዎትም» ብለው ጀመሩ አዋላጇ። «ዝናብ ሲነካት አትነሳም።»

ሶፋ ሠሪው ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ ገና ሲነኳት እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀመረች።

አዋላጇ ደነገጡ። «የግራው መስኮት… ሦስት ዓመቱ፤ አይወርድም።»

መስኮቱ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ወረደ።

«ዳገት ላይ ታለቅሳለች!»

ሶፋ ሠሪው ከግቢው ነድተው የሰፈሩን ዳገት ሲሞክሩባት እየዘለለች ወጣችው። አዋላጇ ጋቢና ተቀምጠው በክርናቸው በሩን ጎሸም አደረጉና «ከዳተኛ!» ብለው አንሾካሾኩ።

«ምን አሉኝ?» አሉ ሶፋ ሠሪው።

«ከእሷ ጋር ነው።»

ሶፋ ሠሪው ጥርሳቸው አልከደን አላቸው። «እንከን የላትም! እኔ እኮ ቀይ እህቷ አለችኝ፤ ሁለት ዓመት ግቢዬ ቆማለች። የዚህችን ሆድ ዕቃ አውጥቼ ለዚያች እገጥምላታለሁ።»

«ሆድ ዕቃ?» አዋላጇ ጮኹ። «በሕይወት ያለችን? ያቁሙ! አሁኑኑ ያቁሙና ቁልፌን ይስጡኝ!»

ሶፋ ሠሪው ጥጉን ይዘው አቆሙ። የዚህች መኪና ቁልፍ መሪው ጋ አይደለም፤ በሁለቱ ወንበሮች መሐል፣ ማርሹ ጎን ነው። ደግሞም የኋላ ማርሽ ካልገባላት አትለቀውም፤ ይህን ያላወቀ ስንት ሰው ሲጎትትና ሲረግም አዋላጇ አይተዋል። ሶፋ ሠሪው ግን ሳያዩ በእጃቸው ብቻ የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ቁልፉን ነቀሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው አቀረቡላቸው።

የአዋላጇ ንዴት እንደ አረፋ ጠፋ። መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ተጋባና ሁለቱም ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

«በሉ» አሉ አዋላጇ ትንፋሽ ሲያገኙ፣ «ከማረድዎ በፊት በሽተኛዋን ያሳዩኝ።»

ቀይዋ በወንበር እግሮችና በስፖንጅ ክምር መሐል አቧራ ለብሳ ቆማለች። አዋላጇ ኮፈኗን አስከፈቱና «ያስነሷት» ብለው እርጉዝ ሆድ እንደሚያዳምጡ ጆሯቸውን አስጠጉ። ሞተሩ ይዞራል፤ እሳት ግን የለም።

«ገባኝ!» ብለው ወደ አረንጓዴዋ ሮጡ። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ግን ሮጡ። ከኋላ ዕቃ ማስቀመጫው በሕፃን ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ፤ ለሞተሩ ሻማዎች እሳት የምታድለው ጥቁር ሳጥን ናት፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጧት። አራት ብሎን ፈቱ፣ አራት ብሎን አሰሩ።

«ግፊ!» አሉ፤ ከልማድ አፋቸው አምልጦ።

ቀይዋ አንዴ አስነጠሰች፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋች፣ ከዚያ ግቢውን በጩኸት ሞላችው። ሶፋ ሠሪው ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩት፤ ጣሪያ ላይ ቀረ። እስከ ዛሬም አልወረደም።

ከዚያማ ማን ይቻላቸው! አረንጓዴዋ ከፊት፣ ቀይዋ ከኋላ፣ ጡሩምባ እያስጮኹ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሩት። የልጃቸው ባል ሰርግ መስሎት ናፕኪን አንገቱ ላይ እንዳለ ከምሳ ተነስቶ ወጣ።

«ሙሽራዋ ማን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«ሁለቱም!» አሉ አዋላጇ ሳያቆሙ።

ማስታወቂያው በማግስቱ ተነሳ። ሶፋ ሠሪው ለሳጥኗ ውለታ የአረንጓዴዋን ወንበሮች በሙሉ በአዲስ ቆዳ አለበሱላቸው። ልጃቸውም ሥጋቷ ቀለለላት፤ እናቷ አሁን ብቻቸውን አይሄዱም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱ መኪኖች ተከታትለው ሐይቁ ድረስ ይነዳሉ። ባለፈው ወር አንደኛዋ ሌላዋን በገመድ እየጎተተች ገብታለች። ተጎታቿ የትኛዋ እንደነበረች አዋላጇም አይናገሩ፣ ሶፋ ሠሪውም አይናገሩ፤ ብቻ ሲጠየቁ እርስ በርስ ተያይተው በሳቅ ይፈነዳሉ።