የኖኤል ሕመም

ዘካርያስ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ኦስሎ የሄደው በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ጥር ላይ ነው። ልጁ በትምህርት አይታማም፤ ግን ሆደ ቡቡ ነው። ሌላ ሰው አመመኝ ሲል አልጋ የሚይዘው እሱ ነው።

የስታትስቲክስ ኮርሱን ለማለፍ ከአንድ ተማሪ ጋር ሆኖ ጥናት ማቅረብ ነበረበት። ለብቻ ማቅረብ የለም፤ አንዱ ከቀረ ሁለቱም ወደቁ። ከወደቀ ደግሞ አገሩ ተመልሶ ዓመቱን መድገሙ ነው። የደረሰው ጓደኛ ኖኤል ይባላል፤ ከአበሻ ወላጆች ኦስሎ ተወልዶ ያደገ፣ ደግ ግን ሰነፍ ጎረምሳ።

ሊያቀርቡ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ በጠዋት ከኖኤል የስልክ መልእክት መጣ፤ «አሞኛል። ነገም የምመጣ አይመስለኝም።»

እዚያ አገር እንዲህ ያለ ሰው «ቶሎ ይሻልህ» ይባልና እንዲተኛ ይተዋል። ዘካርያስ ግን ለፈተናው የደነገጠውን ያህል ለልጁም ደነገጠ። «በሰው አገር፣ ብቻውን ታሞ!» አለ፤ የሰው አገር የሆነው ለራሱ እንጂ ለኖኤል አለመሆኑን ረስቶት። ወዲያው እዚያው ኦስሎ፣ አመሩድ የሚባል ሰፈር ወደሚኖሩት ወደ ኖኤል እናት ደወለ።

«እትዬ ሀረገወይን፣ እግዜር ይማርልዎት።»

«ማንን?» አሉ ሴትየዋ።

ከዚያ በኋላ ሴትየዋ ለሚያውቁት አበሻ ሁሉ ደውለው ነገሩ ከእጁ ወጣ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ኖኤል በሚኖርበት የተማሪዎች ሕንፃ ኮሪደር ላይ፣ ከዘካርያስ ሌላ፣ እናቱን ጨምሮ አሥራ አንድ ጠያቂ ቆመ። አጥሚት በፔርሙዝ፣ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል፣ ጸበል በሃይላንድ መጥቷል። በሩ ቢንኳኳ መልስ የለም። እትዬ ሀረገወይን «ልጄ ራሱን ስቷል!» ብለው ወገባቸውን ያዙ። አንድ ኖርዌጂያዊ ጎረቤት የራሱን በር ገርበብ አድርጎ አየና ቀስ ብሎ መልሶ ዘጋው።

የሕንፃው ኃላፊ ቁልፍ ሊያመጣ እንደሄደ ሊፍቱ ተከፈተ። ኖኤል የበረዶ መንሸራተቻውን በትከሻው ተሸክሞ፣ እያፏጨ ወጣ።

ፉጨቱ ቆመ።

«ምንህን ነው ያመመህ?» አሉ እናቱ።

«ናይ፣ ማማ...» አለ፣ «አይ» ለማለት ኖርዌጂያንኛው አምልጦት፤ «ትንሽ... እግሬን።»

«ታዲያ በማን እግር ስትንሸራተት አረፈድክ?»

ዘካርያስ ሳቁም ንዴቱም እኩል መጣበት፤ ዓመቱን በበረዶ ሊለውጥበት ነበር እኮ! ጠያቂዎቹ ግን የመጡበትን ሳያደርሱ አልሄዱም። ኖኤልን አስተኝተው ሦስት ኩባያ አጥሚት አጠጡት። ቀጥሎ እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ሁለቱን እስከ ራት አስጠኑ። ስለ ስታትስቲክስ የሚያውቁት ነገር የለም፤ ኖኤል ዝም ባለ ቁጥር «ቀጥል» ይላሉ።

በማግስቱ አሥራ አንዱም ክፍል ገብተው የፊት ወንበሮቹን ያዙ። ኖኤልም ዘካርያስም ላብ እያጠመቃቸው አቅርበው ጨረሱ። መምህሩ ውጤት ከመጻፉ በፊት «ጥያቄ ያለው አለ?» አለ።

እትዬ ሀረገወይን እጃቸውን አወጡ።

«ይሄን የኔን ልጅ ይጣሉልኝ። ያኛውን ያሳልፉት።»

መምህሩ ግራ ቢገባውም የሁለቱ ውጤት አንድ መሆኑን፣ ከወደቁም አብረው እንደሚወድቁ በትሕትና አስረዳቸው። ሴትየዋ ሁለቱን ልጆች እያፈራረቁ አይተው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

«እሺ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፤ «ለዘካርያስ ሲባል ይለፍ።»

መምህሩም ፈቃድ እንዳገኘ ሰው እስክሪብቶውን አነሳ።