ገደኛው እግሬ

ሰኞን እሑድ ነው ብዬ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩ ሰው ነኝ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ ብዙ ሞኝነት ሠርቻለሁ። የዚያን ቀኑ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ትዝ ይለኛል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሞኝ እያልኩ የምስቀው በሌላ ሰው ነበርና።

ስህተቱ የመጣው ከጉንፋን ነው። ዓርብ ማታ ትኩሳት ጣለኝ። ተኛሁ፣ ነቃሁ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ደግሞ ተኛሁ። ሚስቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆኗታል። ልጄ ሐዋሳ ነው፤ የሚደውለው ለበዓል ነው። በር የሚያንኳኳ ከሌለ አንዱ ቀን ከሌላው በምን ይለያል? ቀለል ሲለኝ የተኛሁት አንድ ቀን ብቻ መስሎኝ ወጣሁ።

አማኑኤል ስደርስ ግቢው ጭር ብሏል። ዘበኛውን «ቅዳሴው መቼ አለቀ?» አልኩት።

«ትናንት» አለኝ።

ያሾፈብኝ መስሎኝ ቆጣ አልኩ። «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሰኞ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ሕመምተኛ እንደሚያናግር ሰው።

ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። እኔ ግን ወደ እህል በረንዳ መሮጥ ጀመርኩ። ሐጂ ከድር ያለ እኔ ገበያ መጀመር አይችሉማ።

ይህን ማስረዳት አለብኝ። ጡረታ ወጥቼ ብቻዬን ከቀረሁ በኋላ ሥራዬ ዋጋ መጠየቅ ነበር። ከረባቴን አስሬ፣ ጫማዬን አስጠርጌ እህል በረንዳ እወርዳለሁ። ከሱቅ ሱቅ እየገባሁ ከጆንያው ጤፍ ዘገን አድርጌ መዳፌ ላይ እበትናለሁ፣ እፍ እላለሁ፣ «ማኛው ስንት ገባ?» እላለሁ። ላየኝ ሰው ሃያ ኩንታል ለመጫን የመጣሁ እመስላለሁ። ቤቴ ግን ምጣድም የለ፤ እንጀራ የምገዛው ከጎረቤት ነው፣ በቀን አንድ።

እንዲህ ስዞር አንድ ቀን ሐጂ ከድር ሱቅ ገባሁ። ሐጂ የጤፍ ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ፊታቸው የማይፈታ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ጆንያቸው ላይ አረፍ ስል «ከገዙ ይግዙ፣ ጆንያው ወንበር አይደለም» አሉኝ። ተነሥቼ ወጣሁ። በማግሥቱ በዚያ ሳልፍ ግን በር ላይ ቆመው ጠሩኝ።

«ትናንት እርስዎ ከገቡ ወዲህ ያለኝ ሁሉ ተሸጦ አለቀ። እግርዎ ገደኛ ነው። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ሌላ ሰው ሳይገባ እርስዎ ይግቡልኝ» አሉ።

ወንበር ተሰጠኝ። በየቀኑ ሁለት ሰዓት ላይ እገባለሁ፣ ሻይ ይመጣል፣ እስከ ምሳ እቀመጣለሁ። እኔም ተኮፈስኩ። እግሬን ሳጥበው እንኳ በአክብሮት ሆነ። ለፀጉር አስተካካዬና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማገኛቸው ሽማግሌዎች «ያ ስግብግብ ነጋዴ ለትርፍ ሲል የጡረተኛ እግር ይሳለማል» እያልኩ አስቃቸው ነበር።

እንግዲህ በዚያ ሰኞ የታየኝ ይኼ ነው፦ ሐጂ በራቸው ላይ ቆመው፣ እኔን እየጠበቁ ደንበኛ ሲመልሱ። ነጠላዬን እየጎተትኩ ሮጥኩ። ኩንታል የተሸከመ ሰውዬ እንኳ ቀድሞኝ ሲያልፍ «ጋሼ፣ ማን አባረረዎት?» አለኝ።

ስደርስ ሱቁ ክፍት ነው። አይሱዙ ቆሞ ይጫናል። ደንበኛ እስከ በሩ ሞልቷል። ሚዛኑ ላይ የሐጂ ወንድም ናቸው፤ ሐጂ የሉም። አጠገባቸው ምስርና አተር የምትሸጠው ዘነበች ስታየኝ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ውይ ጋሼ ተሰማ፣ አሉ እንዴ? ሐጂ እኮ እርስዎ ቤት ሄዱ።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ቅዳሜ እርስዎ ቀሩ። ዛሬም ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ሐጂ መቀመጫ አጡ። ‹ሰውዬው ብቻቸውን ናቸው፣ ወድቀው ይሆናል› ብለው ሚዛኑን ጥለው ወጡ።»

«ታዲያ ገበያው ያለ እግሬ እንዴት ተጀመረ?» አልኳት። ሰው እኔን ፍለጋ ወጥቷል፤ እኔ ስለ እግሬ እጠይቃለሁ።

ዘነበች ሳቀች። «የምን እግር? እሳቸው ሁልጊዜ የሚከፍቱት አሥራ ሁለት ተኩል ነው። እርስዎ ሲመጡ ስንት ኩንታል ወጥቷል። ደግሞ ሐጂ በገድ አያምኑም፤ ሐራም ነው ብለው እኔን እንኳ የሚቆጡኝ እሳቸው ናቸው።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያኔ ዋጋ እየጠየቁ ሲዞሩ ያዩዎት ነበር። ‹እኚህ ሰው የሚፈልጉት ጤፍ አይደለም፤ እንዲሁ ይቀመጡ ብላቸው ደግሞ ከረባታቸው እሺ አይልም› አሉን። ይህን የማያውቀው ነጋዴ ሁሉ ‹ሐጂ በስተርጅና ገድ ማየት ጀመሩ› እያለ ይስቅባቸዋል። እሳቸው ግን ሻይዎን ያስመጣሉ። እኔ ደግሞ አልነገርኩዎትም፣ እሺ?»

ከረባቱ ያን ቀን አንገቴ ላይ አልነበረም። እጄ ግን ሄዶ ፈለገው።

ልሄድ ብዬ ዞርኩ። ግን ወዴት? ወንበሬ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ባዶውን ቆሟል፤ ደንበኛው ቆሞ ሲጠብቅ እንኳ ማንም አልተቀመጠበትም። በዚህ ከተማ ብቀር የሚፈልገኝ ሰው አንድ ብቻ እንደሆነ፣ በእሱም በየሰፈሩ ስስቅበት እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ። ማወቄን ብነግራቸው ደግሞ ነገ በምን ሰበብ እመጣለሁ?

ሐጂ እያለከለኩ መጡ። ጫማቸው በነጭ ኖራ ተለውሷል፤ የእኛ ግቢ አጥር ሰሞኑን ኖራ እየተቀባ ነበር። ሲያዩኝ ለአንድ አፍታ ፊታቸው ተፈታ። ወዲያው መልሰው አኮሳተሩት።

«የት ነበሩ?»

«ጉንፋን ይዞኝ። እርስዎስ?»

«ባንክ» አሉ።

ዘነበች አንገቷን ደፍታ የተለቀመ ምስር ደግማ መልቀም ጀመረች።

«ይኸው ከቅዳሜ ጀምሮ ገበያዬን ገደሉት» አሉ ሐጂ፣ በተሸካሚዎቹ መሐል መንገድ እየፈለጉ። «በሉ አሁን ወጥተው በቀኝ እግርዎ ይግቡ።»

አፌን ከፈትኩ። «ሐጂ…»

«ምን?»

ሰው ሁሉ ያየናል። «በቀኝ ነው ያሉኝ?» አልኩ።

«በቀኝ።»

ወጣሁ። በቀኜ ገባሁና ተቀመጥኩ። አንዱ ደንበኛ «ሐጂ፣ እኚህን ሰውዬ ያከራዩናል?» ብሎ ሰዉን አሳቀው። «አይከራዩም» አሉ ሐጂ፣ ሳይስቁ። ትንሽ ቆይቶ ሻይ መጣልኝ። ዝንጅብል ገብቶበታል፤ እኔ አላዘዝኩም።

ፀጉር አስተካካዬ ዘንድ ሄጄ ሞኙ እኔ እንደነበርኩ ነገርኩት። «እሱንማ እናውቃለን» አለኝ። ለሽማግሌዎቹም ተናገርኩ። ቤቴ ያው ቤት ነው፤ ስገባ የሚቀበለኝ የራሴ ሳል ነው። ግን ሁለት ቀን ድምፄ ቢጠፋ በሬን የሚያንኳኳ ሰው እንዳለ አውቄ እተኛለሁ፤ ይህ በእኔ ዕድሜ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ የጻፍኩት የሰዎቹ ስም ትክክለኛ ስማቸው አይደለም። ሐጂ እንዲህ ያለ ነገር ባያነቡም ዘነበች ታነባለች።

ለሐጂ ግን አንድ ይቅርታ አለብኝ። ልጠይቃቸው ብል ማወቄን መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ከተናገርኩ ደግሞ እሳቸውም ሰበብ ያጣሉ፣ እኔም ወንበር አጣለሁ። በየጠዋቱ አፌ ላይ ይደርሳል። «ደህና አደሩ ሐጂ» እልና እውጠዋለሁ።