ከጠረጴዛው ሥር የወጣ ገበር

እናቴን ሰፈሩ የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስፌቷ ነው፤ በእሱ ማንም አፉን አይከፍትባትም። ሁለተኛው «አልበቃም» የምትለው ቃል ነው። ደንበኛ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ኪስ ፍለጋ እጇን ከዳሌዋ ላይ ስታንሸራትት፣ እናቴ ስፒሉን ከከንፈሯ ሳታወጣ «ጨርቁ አልበቃም» ትላለች። ቀበቶ ታዞ ከነበረም አልበቃም። ሰፊ እጅጌ ታዞ ጠባብ ከወጣም አልበቃም። ከኋላዋ «እትዬ አልበቃም» እያሉ እንደሚጠሯት ታውቃለች፤ ፊት ለፊት እስካላሏት ድረስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች።

እኔ ያደግኩት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ ጆንያ ተደግፌ ነው። የቤት ሥራዬን የሠራሁት እሱን ተደግፌ፣ ሳኮርፍ የተጋደምኩትም እሱ ላይ ነው። ከዓመት ዓመት ሲወፍር አየዋለሁ፤ ምን በልቶ እንደሚወፍር ግን ጠይቄ አላውቅም። በቤታችን የእናቴ ዕድሜና ያ ጆንያ አይጠየቁም።

ከዚያ ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘሁ። እናቴ ስለ ከተማው የሰማችው ብርዱን ብቻ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ ሳትጠይቀኝ ወፍራም ብርድ ልብስ ልትሰፋልኝ ተነሳች። ፊቱን ሰማያዊና ነጭ አራት ማዕዘን እየገጣጠመች ሠራችው። ለመሐሉ ጥጥ፣ ለጀርባው ደግሞ ግራጫ ገበር ለክታ ገዛች። ሁሉም ልክ ነበር። ችግሩ ፊቱን አልጋ ላይ ዘርግታ ማየቷ ነው።

«ዙሪያውን ጠርዝ ካልተጨመረበት የሆስፒታል አልጋ ይመስላል» አለች።

ጠርዙ ተጨመረ፣ አማረም። ገበሩ ግን በየጎኑ አንድ ክንድ አጠረ። ወደ ጨርቅ ነጋዴው ብትሮጥ ግራጫው ጥቅል አልቋል። የእኔ አውቶቡስ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ነው። እናቴ ተመልሳ ገበሩ ፊት ቆመች። ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የነበረ አጋጣሚ ስለነበር አላሳለፍኩትም።

«እማ፣ አልበቃም እንዴ?»

የያዘችው ሜትር ለመግረፊያ እንደሚሆን ስታስብበት ፊቷ ላይ አየሁ። ከዚያ ተንበረከከችና ጆንያውን ጎትታ አወጣችው።

እኔ የጠበቅኩት ብጥስጣሽ ነበር። የወጣው ግን በየቀለሙ ተለይቶ፣ ተተኩሶ፣ ተጠቅልሎ በክር የታሰረ ጨርቅ ነው። አንዳንዱ ቁራጭ ለኪስ ይቅርና ለሕፃን ቀሚስ ይተርፋል። ቀና ብዬ አየኋት።

«እንደሱ አትመልከቺኝ» አለች። «መልሼ ብሰጣቸው መወልወያ ነው የሚያደርጉት።»

መቼም ሥራ ስትጀምር እናቴን ማየት ደስ ይለኛል። ወፍራሙን ከወፍራም፣ ስሱን ከስስ ለየች። ክሩ በአንድ አቅጣጫ እንዲሄድ እያዞረች፣ ጠባቡን ከሰፊው እያስጠጋች ገጠመችው። እኔ እያንዳንዱን ስፌት በካውያ እየደፈጠጥኩ አቀብላታለሁ። ከሰዓት በኋላ ግራጫው መሐል ቁጭ ብሎ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ቁራጭ ዙሪያውን ከቦት ወጣ። ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ልቤን ወሰደው። የቀረው አንዱን ጎን መዝጋት ብቻ ነበር፤ እሱ በስፒል ተይዟል።

«ስሚ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህን ጀርባ ማንም እንዳያይ። ካዩት ከነገ ጀምሮ አንዲት ሴት ጨርቅ ይዛ ይህን ደጅ አትረግጥም። ሌላ ሙያ ደግሞ የለኝም።»

ፊቷን ሳየው ቀልዴን ዋጥኩ። ብርድ ልብሱን አልጋው ላይ አንጥፈን ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ወተፍነው።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቶቹ ሊሰናበቱኝ መጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ነበረች፤ ቀሚሷ ኪስ ስለሌለው የቤቷን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ነርሷም መጣች። ጡረታ የወጡት የሒሳብ አስተማሪዋም መጡ። እሳቸው ጨርቅ ሲሰጡ ተቆርጦ እስኪያልቅ ከመቀሱ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም፤ የተረፈችውን ብጣሽ ሁሉ ለቃቅመው ቦርሳቸው ይከታሉ። ሦስቱም አልጋውን ከበው ፊቱን አደነቁ።

ጉዱ የመጣው እናቴ ራሷ ካስተማረቻቸው ነገር ነው። ልብስ ባስረከበች ቁጥር፣ የውስጥ ስፌቷ ንጹሕ ስለሆነ «ገልብጣችሁ እዩ እንጂ» እያለች ትኩራራባቸዋለች። ዳቦ ጋጋሪዋም እንደተማረችው ጠርዙን ይዛ ገለበጠችው።

ከዚያ መዳፏን አንድ ቡኒ ቁራጭ ላይ ዘረጋች።

«ይሄ የእኔ ቀሚስ ነው። ኪስ ቢሆን እጄ እስከ አንጓዬ ይገባበት ነበር።»

«ያ ደግሞ የእኔ ቢጫ» አለች ነርሷ። «ቀበቶ የለውም የተባልኩት።»

እናቴ እጅ ከፍንጅ ተያዘች። እኔ ሳቄ እየታገለኝ፣ ለእሷም እያዘንኩ መሐል ቆምኩ። አስተማሪዋ ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ደስ ብሏቸዋል።

«እኔ ድሮም ከመቀስ ላይ ዓይን አይነሳም ብዬ ነበር» አሉ።

እናቴ ትንሿን መቀስ አንስታ ለዳቦ ጋጋሪዋ ዘረጋችላት። «የአንቺ ነው። ፍቺና ውሰጂው።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ተቀብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ክሩን ፈልጋ አንዱን ስፌት በጠሰች፣ ከዚያ እጇ ዘገየ።

«ይሄን መቼ ነበር ያሰፋሁት?»

«ለእህትሽ ሠርግ» አለች እናቴ። «በዋዜማው ነው ያመጣሽው፤ እኔንም አላስተኛሽኝ።»

«አዎ። ያኔ ይህች ልጅ ቀሚሱን ልታደርስልኝ መጥታ ዱቄት ጆንያ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነጭ ሆና ተገኘች።» ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። መቀሱን ለእናቴ መለሰችላት። «ይሂድ፤ ከእሷ ጋር ይሂድ። ኪሴን ግን ከየትም አምጥተሽ ትሰፊልኛለሽ።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ነርሷ ተጨማሪ የራሷን ቁራጭ አገኘችና ከዳቦ ጋጋሪዋ እንደምትበልጥ አወጀች። ዳቦ ጋጋሪዋ አልዋጥልሽ ብሏት በሌላው ጎን ፍለጋ ገባች። ቅድም ተሰረቅን ሲሉ የነበሩ ሴቶች ማን የበለጠ ተሰረቀ በሚል ተያያዙ።

አስተማሪዋ መነጽራቸውን አደረጉ። አልጋውን ዞሩት። ጎንበስ ብለው እንደገና ዞሩት።

«የእኔስ?» አሉ።

«እርስዎ መች አስተረፉልኝ» አለች እናቴ፣ ለመጎንተል ሳይሆን እውነቱን።

አስተማሪዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህችን ልጅ ማካፈል ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉ። እውነት ነው፤ እኔ እያለቀስኩ፣ እሳቸው እየተቆጡ፣ ስንት ከሰዓት በኋላ አብረን አሳልፈናል። አሁን ግን ድምፃቸው የተረሳ ሰው ድምፅ ነበር።

ሄደው ከጠረጴዛው ላይ ትልቁን መቀስ አነሱና የለበሱትን ቀሚስ ግርጌ ያዙ። እናቴ ዘላ ተነሳች።

«ይተዉ፣ ያጣምሙታል። እኔ ልቁረጠው።»

አስተማሪዋ መቀሱን ሰጧት። እናቴ እግራቸው ሥር ተንበርክካ፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ጨርቅ ፈትታ፣ ላልተዘጋው ጎን የሚሆን ቀጭን ቁራጭ ከዳሩ ልትወስድ በጥንቃቄ መቁረጥ ጀመረች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው እጄን ያዙኝ።

«ምን ትሳሺለታለሽ» አሏት፣ አንዴም ወደ ታች ሳያዩ። «ሰፋ አድርጊው።»