«ባልሽን ይዘሽ ነይ»

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሸዋ ሮቢት በሙቀት በምትነድበት ወር ነው። ጎረቤቶቼ እርሺው ይሉኛል። እኔ ግን ያልተፈረደ ነገር አይረሳኝም።

የልጅ ልጄ ዘይነባ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ሁለተኛውን በቀዶ ጥገና ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት ተረፈች። ሐኪሙ «ቶሎ ካረገዝሽ ስፌቱ አይችልም» ብሎ አስጠነቀቃት። ስለዚህ የመከላከያ መርፌ ትወጋ ነበር። ያን ሰሞን ግን መንገድ ተዘግቶ ጤና ጣቢያው መድኃኒት አልገባለትም። የመርፌዋም ጊዜ አለፈ።

ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። መንገዱ ሲከፈት መጥቶ ቤቱ አደረ፤ ሲነጋ ወደ ጅቡቲ መስመር ወጣ።

ዘይነባ ከግንኙነት በኋላ የሚዋጥ መከላከያ እንዳለ ሆስፒታል ነግረዋት ነበርና፣ በዚያው ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄደች። ባለቤቱ ሰው እየሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አግብተሽ የለም እንዴ? ነፍስ ማጥፊያ አልሸጥም። ባልሽን ይዘሽ ነይ» አላት።

አፍራ ቤቷ ገባች። ለእኔ የነገረችኝ ሁለት ቀን ካለቀሰች በኋላ ነው።

ሻርፔን ጣል አድርጌ መድኃኒት ቤቱ ሄድኩና ክኒኑን ጠየቅኩት።

«ለእርስዎ ነው እማማ?» አለኝ። ወረፋ የያዙት ሳቁ።

«ለልጄ ነው። ሳቅህን ጨርስና ስጠኝ።»

«ሐራም ውስጥ እጄን አላስገባም።»

ወዲያው አንድ ሾፌር በሩ ላይ ቆሞ «ፖስት ፒል» ብሎ ያንኑ ክኒን ጠየቀ። ሰውየው ከመደርደሪያው አንስቶ ሰጠው። ለማን ነው፣ አግብተሃል ወይ፣ ሚስትህን አምጣ አላለውም። «አንድ ይበቃሃል?» ብሎ ቀለደለት እንጂ።

«የእሱ ሐላል ሆነ?» አልኩት። ሾፌሩን ክንዱን ያዝኩት። «ልጄ፣ ለሴት አይሸጥም ተብያለሁ። አንድ ለእኔም ግዛልኝ።» መሬት መሬት እያየ ገዛልኝ።

ዘይነባ ተቀብላኝ ዋጠችው። ግን አረገዘች።

ለክትትል ስንሄድ ነርሷን ጠየቅኳት። ክኒኑ የሴቷ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ከተዋጠ እንዳይወጣ ያዘገየዋል፤ ከወጣ በኋላ ግን ብዙም አይሠራም፤ የተያዘ ጽንስም አያወርድም አለችኝ። ለዚህ ነው በቶሎ መዋጥ ያለበት። እንግዲያው ያን ጠዋት የሚጠፋ ነፍስ አልነበረም። የምትጠፋው ነፍስ ፊቱ ቆማ ነበር።

ስፌቱ የተቀደደው ወሯ ሳይገባ ነው። አምቡላንሱ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ፣ የደብረ ሲና ዳገት ላይ እጄን እንደያዘች ሞተች። ልጁም አብሯት።

ባለመድኃኒት ቤቱ ለቅሶ መጣ። ከወንዶቹ መሃል ተቀምጦ «አላህ የጻፈው ነው» አለ።

«የጻፈውን እሱ ያውቃል» አልኩት። «አንተ ያልከውን ግን እኔ አውቃለሁ። ባልሽን ይዘሽ ነይ አልካት። ባሏ ያውልህ፣ ካጠገብህ ተቀምጧል። አሁን ስጣት።»

ጫማውን ፈልጎ ከድንኳኑ ወጣ።

ሁለቱ ልጆቿ አሁን እኔ ጋ ናቸው። ትንሹ እናቱን አያስታውስም። ወደ ገበያ ሳልፍ ሰውየው ከሱቁ ወጥቶ ሰላምታ ያቀርብልኛል። ሰላምታ መመለስ ግዴታዬ ነውና እመልስለታለሁ። ይቅርታ ግን የእኔ አይደለም። የዘይነባ ነበር።