ፎቶው ላይ ያልወጣው ቀይ ጫማ

የልጅ ልጄ መክሊት ሰባተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ፣ «ከቤታችሁ አንድ የድሮ ፎቶ ምረጡና ፎቶው ላይ ባለ ሰው ቦታ ሆናችሁ ጻፉ» ስላላቸው ሣጥኔን በርብራ እኔና የልጅነት ጓደኛዬ የሺ የተነሣነውን አወጣች። ጽፋ ስትጨርስ አነበበችልኝ።

«እኔ የሺ ነኝ። ዓይነ አፋር ስለሆንሁ ካሜራውን ማየት ፈርቼ አቀረቀርሁ።»

«የሺ ዓይነ አፋር አልነበረችም» አልኋት።

«ታዲያ ለምን አቀረቀረች፣ እማማ?»

ጎረቤት ጠራኝ ብዬ ወጣሁ። ማንም አልጠራኝም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ሁለታችንም ስድስተኛ ክፍል ነበርን። የሺ አንድ ወንድም ብቻ ነበራት፤ እሱም ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አስመራ ነበር። ጥቅምት ላይ፣ ፈቃድ በመጣ ወታደር እጅ ቀይ የቆዳ ጫማ ላከላት፤ ዘለበቱ የሚያብለጨልጭ። ጫማው ውስጥ ወረቀት አጣጥፎ አስገብቶበታል። «አድርገሽው ፎቶ ተነሽና ላኪልኝ፤ ልክሽ መሆኑን ልይ» ይላል።

እኔ አራት ወንድሞች ነበሩኝ። ከአራቱም የደረሰኝ ኩርኩምና «ውሃ አምጪ» ብቻ ነው። ቀናሁ። በጫማው ብቻ አይደለም፤ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ እግሯን የሚያስብላት ሰው መኖሩ አንገበገበኝ።

ቅዳሜ የባቄላ እሸት እየፈለፈልን ወደ ንፋስ መውጫ ገበያ ሄድን። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የሺ ጫማውን አቧራ እንዳይነካው በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። በየመንገዱ እየቆመች ትገልጠዋለች።

«አሽትቺው እስኪ፣ ቆዳው እንዴት እንደሚሸት!»

አሸተትሁ። እስከ ዛሬ ጫማ መሸጫ ስገባ ያ ሽታ ይመጣብኛል፤ እስከ ዛሬም አልወደውም።

ፎቶ አንሺው ለገበያ ቀን ከደብረ ታቦር የሚመጣ ሰው ነበር። ግድግዳ ላይ አንሶላ ወጥሮ ያነሣል፤ ንፋሱ አንሶላውን ሲገልብበት ይራገማል። የሺ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ታጥባ ዘለበቱን ስትቆልፍ ሰውየው ወደ እኔ ዞረ።

«ጉርድ ነው ሙሉ?»

ሙሉ ከሆነ እግራችን ይወጣል። የእሷ ቀይ ጫማና አቧራ የጠጣው የእኔ ባዶ እግር ጎን ለጎን ሆነው አስመራ ድረስ ሊሄዱ ነው።

«ጉርድ» አልሁት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

የሺ መጥታ አጠገቤ ቆመች። እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ቁልቁል ጫማዋን አየች። ያኔ አነሣን።

ፎቶው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጣ ከወገብ በላይ ብቻ ነበርን። «ምን ዓይነት ፎቶ አንሺ ነው!» ብዬ የጮህሁት እኔው ነኝ። የሺ ምንም ሳትል አንዱን ለወንድሟ ላከች። መልሱ የደረሰው ሁዳዴ ሲገባ ነው። «ጫማው ጠቦሽ ነው መሰል ያላሳየሽኝ፤ አትደብቂኝ፣ ሌላ እፈልግልሻለሁ» ይላል። ልኳ መሆኑን ጽፋ ላከች። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም አልመጣም፤ እሱም አልመጣም። የጻፈችው ይድረሰው አይድረሰው የሚያውቅ የለም።

የሺ ወገዳ ከሚባል አገር አግብታ እዚያው ትኖራለች። በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን፤ ስለ ፎቶው ግን አንድም ቀን አንሥተን አናውቅም። ወደ ቤት ስመለስ መክሊት እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች። ስልኬን አንሥቼ፣ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍቼ ለየሺ ደወልሁ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ተናገርሁት።

«የሺ፣ ያን ቀን ፎቶ አንሺውን ጉርድ ያልሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ እኮ፤ ሰምቼሻለሁ።»

«ሰምተሽ ዝም አልሽ?»

«ባዶ እግርሽን ሰው እንዳያይብሽ አፍረሽ መስሎኝ ነዋ! ሙሉ ይሁን ብል አጠገቤ አትቆሚም ነበር። ለብቻዬ መነሣት ደግሞ አላሰኘኝም። በይ እንግዲህ፣ ጫማዬን እኔ እንኳ ልየው ብዬ አቀረቀርሁ።»

ሳቀች። እኔ ይቅርታ ሳልጠይቃት ደኅና ዋይ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች መክሊት።

«እንዳለችው ጻፊው።»

እውነቱን ልናገር፤ ስልኩን ስዘጋ መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም። እንደገና ቀናሁባት፤ አሁን ደግሞ በልቧ። ያኔ ጫማዋን ከፎቶው አስቀርቼው ነበር። ይኸኛውን ግን የማስቀርበት ዘዴ የለኝም።