ከፈረስ ደም የሚሠራው መድኃኒት

በቀደም የእህቴ ልጅ መጣች። የፋርማሲ ተማሪ ናት፤ አፏ ሥራ አይፈታም፤ ይሄን ከእኔ ነው የወረሰችው ይላሉ። ምሳ እየበላን ስለ ትምህርቷ ታወራልኛለች። ጀርሞች አንቲባዮቲኩን እየለመዱት ስለሄዱ ተመራማሪዎች ሌላ መንገድ እየፈለጉ ነው አለችኝ። ፔፕታይድ ይባላል፤ ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ ነው። «ጀርሙን አይገድለውም አክስቴ። ጀርሙ የሚረጨውን መርዝ ነው ቀድሞ የሚይዘው። መርዙ ሰውነታችን ላይ እንዳይጣበቅ ያደርገዋል። ብዙው ገና ሙከራ ላይ ነው እንጂ ቢሳካማ...» እያለች ስትቀጥል የጠቀለልኩትን እንጀራ ወደ ትሪው መለስኩት።

«ምነው?» አለችኝ። ምን ልበላት? እሷ አያቷን አታውቀውም። ጀርሙ ተገድሎ መርዙ ሰው ሲገድል ያየሁት በገዛ አባቴ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ናዝሬት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ መናኸሪያ ሲመላለስ ይውላል። ሰው ይወዳል፤ ከተሳፋሪው ጋር ካላወራ ፈረሱ የሚራመድለት አይመስለውም። መልካሳ ያሉ የተሳፋሪውን ዘመዶች ደህንነት አንድ በአንድ ሳይጠይቅ ያወረደው ሰው የለም። ቤት ሲገባ ደግሞ ከእኔ ጋር ይነታረካል። «የዚችን ልጅ ምላስ መንግሥት ቢወርሰው ለሬዲዮ ጣቢያ ይሆነው ነበር» ይለኛል። እናቴ «ቀስ በል፣ ሰው ይሰማሃል» ትለዋለች።

አንድ ቀን ጋጣ ሲጠርግ የወደቀ ጣውላ ረገጠ፤ የዛገ ሚስማር በረባሶውን በስቶ እግሩ ውስጥ ገባ። ነቅሎ ጣለውና ሥራውን ቀጠለ። ማታ ከሥራ ሲመለስ እናቴ ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። ያን ጊዜ እኛ ሰፈር የቆሰለ ሰው ከሱቅ ቴትራሳይክሊን ይገዛል፤ ግን አይውጠውም። እንክብሉን ይከፍትና ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሰዋል። የልጅ ጉልበት ሲላጥ፣ ሴት እጇን ስትቃጠል፣ በግ እንኳ ውሻ ሲነክሰው፣ ያቺው ዱቄት ናት። የአባቴም ቁስል ዱቄቱን ጠጥቶ ደረቀ፤ ከላይ ግጥም ብሎ ዘጋ። «አየህልኝ እጄን?» አለችው እናቴ። ደስ ብሏት ነበር።

ሳምንት አለፍ ብሎ እንጀራው አልታኘክልህ አለው። «ጥርስህ ነው» ብላ እናቴ ቅርንፉድ አስነከሰችው። በማግስቱ አፉ አልከፈት አለ። እሱ ደግሞ መቀለዱን አይተውም፤ ወደ እኔ ዞሮ በተገጠመ ጥርሱ «ለአንቺ የታዘዘው በሽታ ሰው ተሳስቶ እኔ ጋ መጣ» አለኝ። ሳቅን። አቤት አምላኬ፣ ሳቅን እኮ! እንደዚያው ሆኖ ሥራ ወጣ። ፊቱ ተወጥሮ ጥርሱ ገጦ ቀርቶ ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ የሳቀ መስሎት «ዛሬስ ደስ ብሎሃል» ሲለው ዋለ። ከሰዓት በኋላ ጀርባው እንደ ቀስት ተለምጦ ከጋሪው ወደቀ።

ያነሳው ጓደኛው ነው። እሱም ባለጋሪ ነው፤ የቆቃ ሰው፣ ኦሮሞ፣ ሙስሊም። አባቴ «ወንድሜ» ነው የሚለው። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ ሲገናኙ «አካም ቡልቴ? እንዴት አደርክ?» ሳይባባሉ ቀናቸው አይጀምርም። በራሱ ጋሪ ጭኖ ሆስፒታል አደረሰልን።

ሐኪሙ ኩባዊ ነበር፤ ነርሷ ትተረጉምልናለች። መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ቴታነስ፣ በሚስማሩ ቁስል የገባ ነው አሉን። ፔኒሲሊን ወጉት። እናቴ ፔኒሲሊን ሲባል ስትሰማ እፎይ አለች፤ በዚያ ዘመን ፔኒሲሊን ከታቦት ቀጥሎ የሚታመን ነገር ነበር። ነርሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ፔኒሲሊኑ ጀርሙን ይገድለዋል። መርዙን ግን አያገኘውም። መርዙን የሚይዝ ሌላ መርፌ አለ፤ እሱ አልቋል፤ ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት» አለችን። ቶሎ የገባው የአባቴ ጓደኛ ነው። «እውነት ነው፤ እባቡን ብትገድለው የነደፈህ መርዝ አይወጣ» አለ።

«መርፌው ከምንድን ነው የሚሠራው?» አለች እናቴ።

«ከፈረስ ደም።»

እናቴ ብድግ አለች። «ፈረስማ ደጃችን ታስሮ ቆሟል! አዲስ አበባ ምን ያስኬዳል? ይምጣና ይቅዱለት እንጂ!»

የሳቀ ሰው አልነበረም። ነርሷ እጇን ይዛ አስረዳቻት። ለዚህ ሥራ የተመረጠ ፈረስ መርዙን በጥቂት በጥቂቱ ይወጋል፤ ደሙ መርዙን መያዝ ሲለምድ ከሱ ይቀዳል። የኛ ፈረስ የለመደው ጋሪ መጎተት ብቻ ነው። እናቴ ግን ደጋግማ «እንደው ቢሞከርስ?» ትለኝ ነበር።

ጓደኛው «አዲስ አበባ እኔ እሄዳለሁ» አለ። ለመሄድ ደግሞ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሊቀመንበሩም ስብሰባ ላይ ናቸው። ሰውዬው ደጃቸው ላይ ሲንቆራጠጥ ዋለ። እኔም ሄጄ «አባቴ እየሞተብኝ ነው» ብላቸው ከቀበሌው ሰዎች አንዱ «ጓዲት፣ ሥነ ሥርዓት!» አለኝ። ያንን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ አልልም። ወረቀቱ የተፈረመው በማግስቱ ነው።

መድኃኒቱ እስኪመጣ ሐኪሙ አንድ ነገር አዘዘ። ክፍሉ ይጨልም፣ ጠያቂ አይግባ፣ ድምፅ አይሰማ። ትንሽ ኮሽታ፣ የበር መዘጋት እንኳ፣ ሰውነቱን ይገትረዋል፤ ጥርሱ ሲፋጭ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። አእምሮው ግን ጤነኛ ነው፤ ሁሉን ያውቃል። ክፋቱ ይሄ ነበር።

እኛ አገር የታመመን አለመጠየቅ ከጠላትነት ይቆጠራል። ዕድርተኛው መጣ፣ ባለጋሪዎቹ መጡ፣ የንስሐ አባታችን ጠበል ይዘው መጡ፣ የአባቴ እህት ከምንጃር መጣች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እግራቸው ላይ እየወደቀች መለሰቻቸው። አንዳንዱ ገባው። አንዳንዱ «ምን ቢደብቁ ነው?» እያለ ሄደ። የአባቴ እህት «ወንድሜን ልትከለክሉኝ!» ብላ ደረቷን ልትደቃ ስትል እኔ በእጄ አፏን አፈንኩት። አቅፌ ወደ ውጭ አወጣኋትና ግቢው ውስጥ ተላቀስን፤ እሱንም ያለ ድምፅ። ግቢው ሰው ሞልቶ ይውላል፣ ትንፍሽ የሚል የለም። ውስጥ የተኛው እሱ ብቻ ይሄን አያውቅም።

መድኃኒቱ መጣ። ጓደኛው በረዶ በሞላ ፔርሙዝ አቅፎት ከአውቶቡስ ወርዶ ሮጦ ገባ። ብልቃጧን ለነርሷ ሰጣት። «ያ ረቢ፣ ደረስኩ?» አለ። ተወጋለት። እናቴ መሬት ሳመች። እኔ ነርሷን ኮሪደር ላይ ይዤ «ዳነ አይደል?» አልኳት። ዓይኗን ሰበረች። «ይሄ የሚይዘው ገና ደሙ ውስጥ የሚዞረውን ነው። ነርቩ ውስጥ የገባውን አያወጣውም። የገባው ጥቂት እንዲሆን ጸልዪ» አለችኝ። እንግዲህ የእህቴ ልጅ «ቀድሞ ይይዘዋል» ስትለኝ አንጀቴን የቆረጠችው ይቺ ናት። ቀድሞ! የአባቴ ጓደኛ ቀበሌ ደጅ ቆሞ የዋለበትን ቀን ማን ይመልስልኝ?

በማግስቱ ራስጌው ተቀምጬ ሳለሁ ሰውነቱ ለአፍታ ላላ አለለት። በጥርሱ መሃል፣ በትንፋሽ ብቻ ጠራኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ሰው ምን አድርጌው ነው የቀረብኝ?» አለኝ።

ክው አልኩ። «አባዬ፣ ደጁ እኮ ሰው ሞልቷል! ሐኪሙ ነው የከለከለው። ወንድምህ አለ፣ እህትህ አለች፣ የቀረ ባለጋሪ የለም» አልኩት፣ በሹክሹክታ። ጮክ ብዬ ብነግረው ይገድለዋል። ለነገሩ እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ ሲነገር ማን ያምናል? ዓይኑን ከእኔ አነሳ፤ ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አታባብይኝ» አለኝ።

ወጥቼ ነርሷን ለመንኳት፤ አንድ ሰው ብቻ፣ በር ላይ ቆሞ ቢታየው። እሺ አለችኝ። ጓደኛው ጫማውን አወለቀና በእግሩ ጣት እየረገጠ ተከተለኝ። ስንደርስ ግን ሰውነቱ እንደገና ተገትሮ ነበር። አባቴ አላየውም። በዚያው አልተመለሰም።

ለቀብሩ የናዝሬት ጋሪ ሁሉ ሥራ አቆመ። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መንገዱ በሰው ተሞላ፤ ክርስቲያኑ ሙስሊሙ፣ የመልካሳው የቆቃው፣ አንድ ቀን እንኳ አሳፍሮ ዘመዶቹን የጠየቀው ሁሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ ሳይ ነው ያበድኩት። አስከሬኑ ላይ ወደቅሁና «አባዬ፣ ሰው መጣልህ! ይኸው ሰው መጣልህ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። ያን ቀን ዝም በይ ያለኝ ሰው የለም።